የመነሻ የምርምር ገንዘብ ከሆቴል ማኔጅመንት ክፍል ሆኖ ለሚጠይቅ

ይህን የምጽፈው በሆቴልና ቱሪዝም ክፍሎች ለምታስተምሩ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጪ ላላችሁ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመነሻ የምርምር ገንዘብ ጥሪ ያወጣሉ፤ ሲድ ግራንት የሚሉት ማለት ነው። ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ይለቀቃል። «ከተለያዩ ኮሌጆች በተውጣጣ ቡድን የቀረበ ቅድሚያ ያገኛል» ይላል። አብዛኞቻችን አንብበን እናልፈዋለን። ገንዘቡ የእነ ኢንጂነሪንግ፣ የእነ ጤና ሳይንስ ይመስለናል። እኔ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ከእኛ የተሻለ የተመቻቸ ክፍል ያለ አይመስለኝም። አንድ ሆቴል ውስጥ ውኃ አለ፣ መብራት አለ፣ ምግብ አለ፣ ጤና አለ፣ ሒሳብ አለ፣ የሰው ጠባይ አለ። ሁሉም ኮሌጅ የሚፈልገው ነገር እዚያ ተሰብስቧል።

የእኛ ቡድን ገንዘቡን አግኝቶ ሥራውን ጨርሷል። መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። የት የት እንደተሰናከልን ብነግራችሁ ቢያንስ እዚያው ቦታ ላይ አትወድቁም።

ቡድኑ መጀመሪያ የተሰባሰበው ለጥሪው ተብሎ ነው። ከአካባቢ ምህንድስና አንድ፣ ከኅብረተሰብ ጤና አንድ፣ ከአካውንቲንግ አንድ፣ ከሆቴል ማኔጅመንት እኔ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው። ግን ማናችንም የሌላውን ሥራ አናውቅም ነበር። ስለዚህ ርዕስ ተከፋፈልን። ምህንድስናው ከሆቴል ትራፊ ባዮጋዝ ስለማምረት ጻፈ። ጤናዋ ስለ ኩሽና ሠራተኞች ንጽህና ጻፈች። አካውንታንቱ ስለ ምግብ ወጪ ጻፈ። እኔ «የእንግዳ እርካታ» አልኩ፤ ከእኛ ክፍል የሚወጣ ጥናት ዞሮ ዞሮ እዚያ ነው የሚያርፈው። አራቱን አጣብቀን አንድ ርዕስ አለበስናቸው። ርዕሱን በአንድ ትንፋሽ አንብቦ የሚጨርሰው ሰው አልነበረም።

ወደቀ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የጻፈው አስተያየት አጭር ነበር፦ ይህ አራት ፕሮፖዛል ነው፤ አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ ምን ይጎድልባቸዋል? ያኔ በጣም ተናድደን ነበር። አሁን ግን ማንኛውንም የጋራ ፕሮፖዛል የምፈትነው በዚያች ጥያቄ ነው። አንዱን ባለሙያ ከቡድኑ በሐሳባችሁ አውጡት። ጥናቱ ምንም ሳይነካው የሚቀጥል ከሆነ ያ ሰው ያዋጣው ስሙን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ልብ አልኩ። በዚያ የመጀመሪያ ፕሮፖዛል ውስጥ የእኔ እውነተኛ ድርሻ ሆቴሎቹን ማስፈቀድ ነበር። በር ከፋች በሉኝ። የሆቴል መምህር ሲባል ብዙ ሰው ናፕኪን ማጠፍ ነው የሚታየው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፣ የሎዛን የሆቴል ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1893 ጀምሮ አለ ብላችሁ ብትከራከሩ ማንም አይሰማችሁም፤ ሞክሬዋለሁ። የሚሰማችሁ እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር ጥናቱን ሲያቃናው ነው።

ይህም የሆነው ሳናስበው ነው። የምህንድስናው ባልደረባችን ምን ያህል ትራፊ እንደሚወጣ በዓይኑ ለማየት ፈለገና አራታችንም አንድ ሆቴል ሄድን። አዳራሹ ውስጥ የወርክሾፕ ምሳ ተበልቶ አልቆ ነበር። ዕቃ ማጠቢያው ጋ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ትራፊ የሚበዛው መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ስብሰባ ሲኖር ነዋ ልጄ! ረቡዕና ዓርብ ሲሆንማ አትጠይቀኝ» አሉት።

ሼፉን ስናናግረው ነገሩ ተብራራ። የክልል ከተማ ሆቴል የሚኖረው በስብሰባና በሥልጠና ነው። አዘጋጁ ድርጅት የተሳታፊ ቁጥር ያስመዘግባል፤ ሰው መጣም ቀረም በዚያ ቁጥር ይከፈላል። ሼፉም በዚያው ቁጥር ይሠራል። ሰማንያ ሰው ተብሎ ሃምሳው ቢመጣ የሰማንያው ምግብ ተሠርቷል። ምግብ ተረፈ ብሎ የሚቆጣው የለም፤ አነሰ ከተባለ ግን ሥራው ላይ ነው የሚመጣበት። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾሙም የፍስኩም ቡፌ ጎን ለጎን ይቀርባል። ማን እንደሚጾም አስቀድሞ የጠየቀ የለም። ስለዚህ ሁለቱም ይበቃል ተብሎ ይሠራል፣ ሁለቱም ይተርፋል።

የምህንድስናው ባልደረባችን ትንሽ አሰበና «ታዲያ እኔ ለባዮጋዝ የምፈልገው ትራፊ እኮ መጀመሪያውኑ መኖር የለበትም» አለ። ጥያቄያችን እዚያው ኩሽና ውስጥ ተለወጠ። በስብሰባ ቡፌ ላይ የሚተርፈው ምግብ ከየት ይመጣል፣ ማንስ ሊቀንሰው ይችላል? ይቺን ለመመለስ መለካት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የተረፈው ለሰው የሚበጅ መሆኑን የሚያውቅ ያስፈልጋል። ውሉንና ወጪውን የሚያነብ ያስፈልጋል። ኩሽና እንዴት እንደሚያዝዝ፣ እንደሚያበስልና እንደሚደብቅ የሚያውቅም ያስፈልጋል። «እንደሚደብቅ» ያልኩት ለቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው ያለበት ቦታ አብራችሁ ሂዱ። ተራ በተራ ከሄዳችሁ እያንዳንዱ የራሱን ርዕስ ይዞ ይመለሳል። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳይሆን ከዕቃ ማጠቢያው ጀምሩ።

በሚቀጥለው ጥሪ ያቀረብነው ርዕሱ አጭር፣ ገንዘቡም ካለፈው ያነሰ ነበር። የባዮጋዙን ማብላያ ሰረዝነው። ቡድኑ ውስጥ «በጀት ቀንሶ የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግን የመነሻ ገንዘብ የሚሰጠው ጥያቄው የሚያስኬድ መሆኑን፣ መረጃው የሚገኝ መሆኑን፣ ሰዎቹም ሳይጣሉ አብረው የሚሠሩ መሆኑን ለማየት ነው። ትልቁ ጥናት በትልቁ ገንዘብ ይመጣል። በዚህ ገንዘብ አገር እናድናለን ብሎ የሚጽፍ ቡድን ገምጋሚውን ያስፈራዋል።

ፕሮፖዛሉን ስንከላከል ከተቀመጡት አንዱ «ሆቴል ውስጥ ደግሞ ምን የሚመረመር ነገር አለ?» አሉ። ለዚህ ተዘጋጅተን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በ2019 በዓለም 931 ሚሊዮን ቶን ያህል ምግብ እንደባከነ ይገመታል፤ 26 በመቶው ከሆቴል፣ ከምግብ ቤትና ከመሳሰሉት ነው። ሪፖርቱ ራሱ ከቤተሰብ ውጪ ስላለው ብክነት ከደሃ አገሮች የተገኘው መረጃ ጥቂት መሆኑን ይናገራል። ይህን ካልን በኋላ ያ ጥያቄ አልተደገመም። የ2024ቱ ሪፖርት ደግሞ ድርሻውን 28 በመቶ አድርጎታል፤ አሁን የምታመለክቱ ይህኛውን ተጠቀሙ። ጥያቄው ንቀት ቢመስልም እንደ ንቀት አትውሰዱት። በአንድ ቁጥርና በአንድ የኩሽና ምሳሌ መልሱትና ወደ ዘዴው እለፉ።

እግረ መንገዴን፣ የኩሽና ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ካደረጋችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። «እኛ የምንመዝነው ሩዝ ነው» ማለት አያወጣችሁም። ኮሚቴው ቶሎ ቶሎ ላይሰበሰብ ይችላልና ማመልከቻውን ከፕሮፖዛሉ ጋር እኩል አስገቡ።

ገንዘቡ ተፈቀደ። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ገና ሊጀመር ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባና ሰኔ 30 ይዘጋል። የ2016 ገንዘብ ነበር የእኛ። ውል እስኪፈረም፣ ፊርማ እስኪዞር፣ ገንዘቡ እስኪንቀሳቀስ መጋቢት ገባ። ሒሳብ ክፍል ደግሞ ሰኔ ከመጋመሱ በፊት አወራርዱ ይላል። «የአንድ ዓመት ጥናት» የተባለው በተግባር አንድ ወቅት ሆነ። የጊዜ ሰሌዳችን ላይ «ወር 1፣ ወር 2» ብለን ነበር የጻፍነው። እናንተ የወሮቹን ስም ጻፉ። ከሰኔ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

የእኛ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሌላ የቀን መቁጠሪያ ነበረብን። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ነው የገቡት፣ መጋቢት 2። ረመዳንን ያስታወሰችን የጤናዋ ባልደረባችን ነች፤ እሷ ራሷ ትጾማለች። በዚያ ወር የምሳ ቡፌ ላይ ሙስሊም ተሳታፊ ስለማይበላ ከተመዘገበው ቁጥር ላይ ሌላ ሰው ይቀነሳል። ረመዳን ካበቃ በኋላ ደግሞ የቀረው ሁዳዴ ብቻ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 16 ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ሁዳዴ ካመለጠን የጾምና የፍስክ ቀን ማወዳደሪያችን ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲመጣ በጀቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ነው የሚቀረው። ይህን የትኛውም የውጭ የምርምር መመሪያ አይነግራችሁም። እንግዳችሁ የሚጾም፣ የሚያገባ፣ ክረምት ላይ የማይሰበሰብ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን ዓመት ሣሉ፤ የበጀቱን ዓመት በላዩ አስቀምጡ። የማይገጥመው ቦታ ወዲያው ይታያል።

ሚዛኖቹ ደግሞ አልተገዙም ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ ግዥ ክፍል ወረቀቱን ይዞታል። ዕቃው ቢመጣ እንኳ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ እስኪሆን ሁዳዴ አይጠብቅም። መፍትሔው አፍንጫችን ሥር ነበር። ማንኛውም ደህና ሆቴል ዕቃ መቀበያው ላይ ሚዛን አለው፤ ሥጋና አትክልት የሚረከበው በእሱ ነው። የምህንድስናው ባልደረባችን ክብደታቸው የታወቀ ብረቶች ከላብራቶሪ አምጥቶ ሚዛኖቹን ፈተሻቸው። ትክክል የመዘነውን ወሰድን፣ ያዛባውን በልዩነቱ አስተካከልን። ግዥው ያን ዓመት ሳያልቅ ሰኔ 30 ሆነ። በሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የያዝነው ፕሮፎርማ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሚዛኖቹን ሳንገዛ ጥናቱ አለቀ ማለት ነው። እናም መዋስ የምትችሉትን ዕቃ ግዥ ውስጥ አታስገቡ። ትንሽ ገንዘብ የሚጠቅመው ለመረጃ ሰብሳቢ፣ ለትራንስፖርትና ለኅትመት ነው።

ሒሳብ ነገር ላይ አንድ ምክር ብቻ። ቅድመ ክፍያ የሚወጣው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ካልተወራረደ ከደመወዙ ይቆረጣል። ባጃጅ ደረሰኝ የለውም። ከጉልት የተገዛ ባልዲም ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ ለማይገኝለት ወጪ ፋይናንስ ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚቀበል ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ደግሞም ሒሳቡን የሚይዘው የግድ ዋና ተመራማሪው መሆን የለበትም፤ ወረቀት የማይጠፋበት ሰው ይያዘው። የእኛን አካውንታንቱ ያዘ። እንቅልፍ የተኛነው በእሱ ነው።

ሆቴሎቹን ማስገባት ቀላል አልነበረም። ትራፊ ልንመዝን ነው ስትሏቸው ሥራ አስኪያጆች የሚሰሙት ገቢዎችንና የጤና ተቆጣጣሪን ነው። ምን ያህል እንደተሠራ ከታወቀ ምን ያህል እንደተሸጠ ይታወቃላ! የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፍርሃታቸውን አባባሰው እንጂ አልቀነሰውም። የረዳን ሌላ ነው። የሆቴሉ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ እንደማይጻፍና በኮድ እንደሚጠራ ተስማማን። ፎቶ አናነሣም አልን። ውጤቱን ከማንም በፊት እነሱ እንደሚያዩት ቃል ገባን። ሱፐርቫይዘሮቹ ውስጥ የድሮ ተማሪዎቻችን ነበሩ፤ «እሳቸው ከሆኑ ችግር የለውም» ያሉልን እነሱ ናቸው። የእኛ ክፍል ትልቁ ሀብት ይሄ ነው፤ ምህንድስና የለውም። አንዱ ሆቴል እምቢ አለ። አልለመንነውም።

መረጃ የሰበሰቡት ለተግባር ልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችን ነበሩ። ባልዲ አጠገብ የሚቆም ሰው አበል ያስፈልገዋል፤ ለክብሩም ለጥራቱም። በነፃ የቆመ ልጅ አሥር ሰዓት ላይ ቁጥር መገመት ይጀምራል።

ከሁሉም የበለጠ ያስተማረን አንድ ጭቅጭቅ ነው። አካውንታንቱ የተረፈው ለችግረኞች ይሰጥ አለ። ማን ይቃወማል? የጤናዋ ባልደረባችን ተቃወመች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የታወቀ ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ትኩስ የሚቀርበውም ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይያዝ። የእኛ አገር ቡፌ ደግሞ የክብር እንግዳው ንግግር እስኪያልቅ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ከሥሩ ያለው እሳት ከጠፋ ቆይቷል። «ለድሃ ሲሆን የሚበላሽ አይመስላችሁም?» አለችን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ትራፊውን በሦስት መለየት ጀመርን፦ ከኩሽና ጨርሶ ያልወጣ፣ ቡፌ ላይ የቆየ፣ ከሰው ሳህን የተመለሰ። የመጀመሪያው ብቻ ነው ለሰው ሊሰጥ የሚታሰበው። ይህ አከፋፈል የጥናቱ አከርካሪ ሆነ። ከጭቅጭቁ በፊት ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ እየጨመርን ነበር።

እኔም የምጨምረው ተገኘ። የምህንድስናው ባልደረባችን ባልዲው ውስጥ እንጀራ ማጣቱ ገርሞት ሚዛኑን ተጠራጠረ። እንጀራ መቼ ይጣላል! ያልተነካው ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፣ የቀረው ድርቆሽ ይሆናል። ኩሽና እንደ ትራፊ አይቆጥረውም። የሚጣለው ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሰላጣና ዳቦ ነው። ይህን ሳታውቁ «ኢትዮጵያውያን እንጀራ አያባክኑም» የሚል መደምደሚያ ልትጽፉ ትችላላችሁ።

የስም ቅደም ተከተል ጉዳይ ሳይነሣ አይቀርምና ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩበት። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ የሌላ ሙያ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ሲመጣለት ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። እኛ ሁለት ጽሑፍ ይወጣል፣ አንዱ በእነሱ በኩል አንዱ በእኛ በኩል ብለን ከውሉ ጋር አያይዘን ፈረምን። አንዱ ባልደረባ «ካልተማመንን ለምን አብረን እንሠራለን?» ብሎ ቅር ብሎት ነበር። ኋላ ላይ ያቺን ወረቀት መጀመሪያ የጠየቀው እሱ ነው።

ውጤቱን ለሆቴሎቹ ያቀረብነው በአንድ ገጽ ነው፣ በአማርኛ። ሁለት ነገር እንዲሞክሩ ጠየቅን። አንደኛው፣ አዘጋጁ ተሳታፊ ሲመዘግብ ጾመኛውን ከፍስክ በሊታው ለይቶ እንዲያሳውቅ። ሁለተኛው፣ ጠዋት በሻይ ዕረፍት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥሮ ለሼፉ መንገር፤ ሼፉም ሩዝና ፓስታውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እንዲያበስል። አንዱ ሥራ አስኪያጅ የሻይ ቆጠራውን እስካሁን ያሠራዋል። ሌላው «ደንበኛዬን ምን ትጾማለህ ብዬ አልጠይቅም» ብሎ ተወው። ክፍያው በተመዘገበው ቁጥር እስከሆነ ድረስ ሆቴሉ ብዙም እንደማይጎዳ ያሳየን ደግሞ አካውንታንቱ ነው። ስለዚህ አሁን ለትልቁ ጥሪ ያዘጋጀነው ሐሳብ ትኩረቱ ውሉ ላይ ነው፤ ድርጅቱ የሚከፍለው ለመጣ ሰው ቢሆንስ የሚል። የባዮጋዙ ነገር አልተነሣም። የምህንድስናው ባልደረባችን ራሱ ነው የተወው።

የመመዝገቢያ ቅጻችንን የጠየቁን አሉ፤ ምስጢር የለውም። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ቀን፣ የሆቴል ኮድ፣ የጾም ወይም የፍስክ ቀን፣ የተመዘገበ ሰው፣ በሻይ ሰዓት የተቆጠረ ሰው፣ ምሳ የበላ ሰው፣ ቡፌው የተከፈተበትና የተነሣበት ሰዓት፣ ከኩሽና ያልወጣ በኪሎ፣ ቡፌ ላይ የቀረ በኪሎ፣ ከሳህን የተመለሰ በኪሎ። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የምትል ሰፋ ያለች ዓምድ ተዉ። ተማሪዎቹ «ዛሬ ሚኒስትሩ ስላረፈዱ» የሚለውን የሚጽፉት እዚያ ነው።